ገመድ ሳቢዎቹ፦ ስማቸው ያልተጻፈ የመድረክ ጠቢባን

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ምኞት ነው እንጂ ታሪክ አይደለም። ታሪክ ሲጻፍ የምናየው ሥራው ለሠሪው ሳይሆን ላሠሪው ሲመዘገብ ነው።

ውድ አንባቢያን፤ የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ጉዳያችን ፈቀቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ቴአትር መድረክ፣ ስለ ሸራና ቀለም፣ ስለ ገመድና መዘውር ነው የማወራችሁ። እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ ግን ከነገራችን ብዙም እንዳልራቅሁ ትረዱልኛላችሁ።

ከስቶክሆልም ከተማ በስተምዕራብ፣ በሜላረን ሐይቅ ላይ ባለች ደሴት፣ ድሮትኒንግሆልም የሚባል የነገሥታት መኖሪያ ይገኛል። በስዊድን የምንኖር ስደተኞች ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን ከምናሳያቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ቤተ መንግሥቱንና የአትክልቱን ሥፍራ አይቶ ይመለሳል። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ግን ከውጭ ሲያዩት ምንም የማይመስል፣ የእህል ጎተራ እንኳ ሊባል የሚችል አንድ ሕንፃ አለ። ያ ሕንፃ በእ.ኤ.አ. 1766 የተከፈተ ቴአትር ቤት ነው። በውስጡ ያለው የመድረክ መሣሪያ ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል።

ቀድሞ በዚያው ሥፍራ የነበረው ቴአትር ቤት በ1762 በእሳት ከወደመ በኋላ አዲሱን ያሠራችው ንግሥት ሎቪሳ ኡልሪካ ናት። ንግሥቲቱ የፕሩሲያው የታላቁ ፍሬድሪክ እኅት ስትሆን፣ ዘመኑ በስዊድን ታሪክ «የነፃነት ዘመን» የሚባለው ነበር። ሥልጣኑ በአብዛኛው በምክር ቤቱ እጅ ነበርና ለባልዋ ለንጉሥ አዶልፍ ፍሬድሪክ የቀረው ዘውዱ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ያስቆጣት ንግሥት በ1756 መፈንቅለ መንግሥት ሞክራ ከሽፎባታል። እንደ ልብ የሚዘገን ገንዘብም አልነበራትም። ስለዚህ አርክቴክቱ ካርል ፍሬድሪክ አዴልክራንትስ ቤቱን የሠራው በብልሃት ነበር። እብነ በረድ የሚመስለው ግድግዳ ቀለም የተቀባ እንጨት ነው፤ በድንጋይ የተቀረጸ የሚመስለው ጌጥም በሙጫ ከተቦካ ወረቀት የተሠራ ነው። ተመልካቹ ተውኔቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና በበሩ ሲገባ፣ በትዕይንት ውስጥ ነው ያለው ማለት ነው።

የመድረኩን ስልት የዘረጋው ዶናቶ ስቶፓኒ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ስልቱ ራሱ ግን ከእርሱ የሚቀድም ዕድሜ አለው። በ1640ዎቹ ጃኮሞ ቶሬሊ የተባለ መሐንዲስ ቬኒስ ላይ አንድ ነገር ፈልስፎ ነበር። በመድረኩ ግራና ቀኝ ተከታትለው የሚቆሙትን የተሳሉ ሸራዎች ከወለሉ ሥር በሚሄዱ ጋሪዎች ላይ ተከላቸው፤ ጋሪዎቹን ሁሉ ደግሞ በገመድ ከአንድ መዘውር ጋር አገናኛቸው። መዘውሩ ሲዞር አንዱ ረድፍ ይገባል፣ ሌላው ረድፍ ይወጣል። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ፣ መጋረጃ ሳይዘጋ፣ በተመልካቹ ዓይን ፊት ቤተ መንግሥቱ ጫካ፣ ጫካው ወህኒ ቤት፣ ወህኒ ቤቱ ባሕር ይሆናል። ወደ 20 ሜትር ጥልቀት ባለው የድሮትኒንግሆልም መድረክ ላይ ዛሬም ይህን ማየት ይቻላል። የባሕሩ ማዕበል ማለት በጎን ተጋድመው የሚሽከረከሩ፣ እንደ ጠመዝማዛ ዓምድ የተጠረቡ ሰማያዊ እንጨቶች ናቸው። ነጎድጓዱ ድንጋይ የተሞላ የእንጨት ሣጥን ነው። አማልክት ከሰማይ የሚወርዱበት ደመና በቃጫ ገመድ የተንጠለጠለ ወንበር ነው።

እንግዲህ አስቡት። ከወለሉ ሥር፣ በጨለማ፣ መዘውሩን የሚገፉ ሰዎች አሉ። ከጣሪያው ሥር፣ ገመዱን የሚስቡና የሚለቁ ሌሎች አሉ። ከጎን፣ የሻማውን መደዳ እያዞሩ ቀኑን የሚያመሹ፣ ሌሊቱን የሚያነጉ አሉ። ከትርኢቱ ቀደም ብሎ ደግሞ ሸራውን የሰፉ፣ ቀለሙን የፈጩ፣ ከእንስሳ ቆዳ ሙጫ ያነጠሩ፣ ዛፉንና ዓምዱን ቅጠል በቅጠል፣ ድንጋይ በድንጋይ የሳሉ አሉ። አንዱ ገመድ ቢዘገይ ጫካው ቤተ መንግሥቱ መሃል ይበቅላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ነገር ግን የቴአትር ቤቱ ታሪክ ሲነገር የምንሰማው የንግሥቲቱን፣ የልጅዋን፣ የአርክቴክቱን፣ የመሐንዲሱንና የአንድ ሁለት ታላላቅ ሠዓሊዎችን ስም ነው። የቀሩት «ሠራተኞች» ተብለው ያልፋሉ።

በዚያ ዘመን የመድረክ ሥዕል ውስጥ ልብ የሚባል አንድ የፖለቲካ ምሥጢርም አለ። ጣሊያኖቹ ያስፋፉት የርቀት አሳሳል ሥርዓት ዓምዶቹንና ጎዳናውን ሁሉ በመድረኩ መሃል ወዳለች አንዲት ነጥብ ይሰበስባቸዋል። ሥዕሉ ፍጹም ትክክል ሆኖ የሚታየው ግን ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። ያም ንጉሡ ከሚቀመጥበት ወንበር ነው። ከዚያ ወንበር ወደ ዳር በራቃችሁ ቁጥር ዓምዱ ይጣመማል፣ ጎዳናው ይዛነፋል። ሠዓሊው ለአንድ ሰው ዓይን ሲል የሌላውን ሁሉ ዕይታ አጣመመ ማለት ነው። በ1711 ፌርዲናንዶ ቢቢየና የተባለ የቦሎኛ ባለሙያ ነጥቧን ከመሃል ወደ ጎንና ጎን የሚወስድ አሳሳል በመጽሐፍ አሳትሞ ይህን የአንድ ወንበር አገዛዝ አናጋው። ከዚያ ወዲህ ዳር የተቀመጠውም ሰው መልክ ያለው ነገር ማየት ጀመረ። ሥዕልም እንደ ሥልጣን ከየት ሆነው እንደሚያዩት ይለያያል።

አሁን ወደ 1766 ልመልሳችሁ። ቴአትር ቤቱ በተከፈተበት በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ ወር መግቢያ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2)፣ የስዊድን ምክር ቤት የፕሬስ ነፃነት ሕግ አወጣ። ከሃይማኖት ጽሑፎች በቀር ቅድመ ምርመራን ያስቀረና ዜጎች የመንግሥትን ሰነድ እንዲያዩ የፈቀደ በመሆኑ በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ሕጉን ከገፉት ሰዎች መካከል ዋነኛው አንደርስ ሺዴኒየስ የሚባል፣ ፊንላንድ ውስጥ ያገለግል የነበረ የገጠር ቄስ ነበር። እንግዲህ በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለት ነገር ተወለደ፦ ዓይንን የሚያታልል የመጨረሻው ረቂቅ መሣሪያ፣ እንዲሁም ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ለማየት የሚያስችል ሕግ።

ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ ወደቁ። የንግሥቲቱ ልጅ ጉስታቭ 3ኛ በነገሠ በዓመቱ፣ በነሐሴ 1772፣ ደም ሳይፈስ መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ «የነፃነት ዘመን»ን ዘጋው። ይህ ንጉሥ ከልቡ የቴአትር ሰው ነበር። ተውኔት ይጽፋል፤ በወጣትነቱ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። በ1773 የንጉሣዊውን ኦፔራ፣ በ1786 የስዊድንን አካዳሚ፣ በ1788 የንጉሣዊውን የድራማ ቴአትር መሠረተ። በፍርድ ምርመራ ማሠቃየትንም አስቀርቷል። ይህን አለመመስከር ግፍ ነው። ነገር ግን ያው ሰው በ1774 የፕሬስ ሕጉን ሸረሸረው፤ በ1789 ደግሞ ሥልጣኑን ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ያዘ። መድረኩ ሲሰፋ ጋዜጣው ጠበበ። ለጥበብ እጁ የተፈታ ገዥ ሁሉ ለነፃነት ወዳጅ ነው ብለን እንዳንሞኝ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው።

በ1784 ጉስታቭ ከሮም አንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ አስመጣ፤ ስሙ ሉዊ ዣን ዴፕሬ ይባላል። በ1786 ለታየው «ጉስታፍ ቫሳ» ለተሰኘው ኦፔራ የሠራው ዲኮር ዝናው እስከ ዛሬ ይነሣል። ታሪኩ የስዊድንን የጥንት ንጉሥ ነፃ አውጪነት የሚያወድስ ነበርና የመድረኩ ሥዕል ለሥልጣኑ ምሰሶ ሆኖ አገልግሏል። መጨረሻው ግን ከማንኛውም ድራማ የከፋ ሆነ። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1792 ንጉሡ ራሱ ባቋቋመው ኦፔራ ቤት፣ ጭምብል በሚደረግበት የዳንስ ምሽት ላይ፣ ሴራ ከጠነሰሱ መኳንንት ወገን በሆነው በአንካርስትሮም ጥይት ተመታ፤ ማርች 29 ቀን ሞተ። ገዳዩ ጭምብል አጥልቆ ነበር። በዚያች ምሽት ስሙን የደበቀው ገዳይ ስሙ ታወቀ፤ የኦፔራውን ሻማ ያበሩት፣ ሸራውን የሳሉት ግን ስማቸውን የሚጠይቅ አልነበረም።

ከንጉሡ ሞት በኋላ ድሮትኒንግሆልም ከጥቂት አጋጣሚዎች በቀር ጸጥ አለ። የዕቃ ማከማቻ ሆነ። እነሆ ትልቁ ተዓምር የዚህ መረሳት ውጤት ነው! በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ቴአትር ቤቶች በሻማ ተቃጥለዋል፣ ለአዲስ ፋሽን ሲባል ፈርሰዋል፣ አሮጌው ሸራ ታጥቦ ሌላ ሥዕል ተስሎበታል። እዚህ ግን ማንም አልነካውም። በ1921 አግነ ቤየር የተባለ ተመራማሪ አንድ የጠፋ ሥዕል ፍለጋ ወደ ሕንፃው ሲገባ፣ ከ18ኛው መቶ ዘመን የቀረ መድረክ ከነመዘውሩ፣ ከነተጠቀለለው ሸራው፣ አቧራ ለብሶ አገኘ። ገመዱ ታድሶ፣ አቧራው ተራግፎ፣ በ1922 መጋረጃው እንደገና ተገለጠ። በ1991 ቤተ መንግሥቱ ከነቴአትሩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ሸራው ዳነ። የሳሉት እጆች ስም ግን አብሮ አልዳነም። በአንድ ቅጠል ላይ ያረፈውን የብሩሽ ምት ማየት ትችላላችሁ፤ የማን እንደሆነ ግን ሸራው አይናገርም።

እኔ በዚያ አዳራሽ ቆሜ ያሰብኩት ስለ አገሬ ነው። ንግሥት ሎቪሳ ኡልሪካ ቴአትር ቤትዋን ከመክፈትዋ ጥቂት አሠርት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ የእኛዋ እቴጌ ምንትዋብ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠርታ ነበር። እንደ ሌሎቹ የዘመኑ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል የተሳለበት ሸማ ተለጥፎበታል። ሙጫ፣ ቀለም፣ ጨርቅ፦ ዕቃው ከድሮትኒንግሆልም ዕቃ እምብዛም አይለይም። ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ወድቃ የምትታየው እቴጌ ምንትዋብ ናት። አሠሪዋ አለች፤ ሠዓሊው የለም። በእርግጥ ለሠዓሊዎቻችን ዝምታው የእምነት ትሕትናም ነበር፤ ሥራው ለሰማይ ስለሆነ ስም መጻፍ ነውር ይመስላቸው ነበር። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በስሙ የሚታወቅ በመሆኑ ብቻ ብርቅ ሆኖ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። ናርጋ በተሠራች በጥቂት አሠርት ዓመታት ውስጥ፣ በ1769፣ ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ተገድለው ዘመነ መሳፍንት ገባ። ከዚያ ወዲህ የጎንደር ነገሥታት ራሳቸው ዲኮር ሆኑ፤ ከፊት ዘውዱ ይታያል፣ መዘውሩን የሚገፋው ከጀርባ ነው።

ዘመናዊ ቴአትር ወደ አገራችን ሲገባም ነገሩ ያው ሆነ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ኮሜዲያ ጽፈው በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል መኳንንቱ ፊት እንዳሳዩ ሁላችንም እናውቃለን። ዮፍታሔ ንጉሤን እናውቃለን። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሀገር ፍቅር ማኅበርና የመሥራቹን የመኮንን ሀብተ ወልድን ስም እናውቃለን። ጣሊያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሕንፃ በ1948 ዓ.ም. ለንግሥናው የብር ኢዮቤልዩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ሲከፈት የታየው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» እንደነበረም መጻሕፍት ይነግሩናል። ከደጁ የቆመውን አንበሳ የቀረጸው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ እንደሆነም ተመዝግቧል። ግን በዚያች ምሽት የዳዊትን ቤተ መንግሥት በሸራ ላይ የገነባው ማን ነበር? የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ» በአማርኛ ሲናገር ከጀርባው ቬኒስንና ቆጵሮስን የሳለው ማን ነው? አናጢውስ? መብራቱን ያደበዘዘውስ?

ሸራ ውድ ነው። በድህነት የሚሠራ ቴአትር ቤት ያለፈውን ዓመት ሰማይ አጥቦ በላዩ የዘንድሮውን ጫካ ይስላል። ስለዚህ ዲኮሩ እንደ ተዋናዩ ድምፅ በምሽቱ አልቆ የሚቀር ጥበብ ነው። የስዊድኑ መድረክ የዳነው ስለተረሳ ነው፤ የእኛ ግን መድረኩ ሥራ አልፈታምና ትናንቱን እየበላ ነው የኖረው። የቴአትር ጥበብ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መባቻ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርት ሆኖ ሲሰጥ የመድረክ ግንባታም የራሱ ሙያ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በፊት የነበሩት ግን በልምድና በተሰጥዖ የሠሩ፣ ወረቀት ያልያዙ ጠቢባን ናቸው።

ከእነዚህ እጆች ብዙዎቹ በደርግ ዘመን ሌላ መድረክም ተሰጥቷቸው ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ምስሎች በአብዮት አደባባይ ተሰቀሉ፤ ለጌጡ ሥራ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። አዲስ አበባ አንድ ትልቅ መድረክ ሆነች። በዚያው ሰሞን በወሎና በትግራይ ወገናችን በረሃብ ያልቅ ነበር፤ ከኮረም የተነሣው ፊልም በጥቅምት ወር ዓለምን ሲያስለቅስ የበዓሉ ቀለም ገና አልደበዘዘም ነበር። ያም ሥዕል ከአንድ ወንበር ብቻ እንዲታይ የተሳለ ነበር፦ ከሊቀመንበሩ ወንበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወንበሩ ባዶ ሲሆን የሌኒን ሐውልት ተገረሰሰ፣ ምስሎቹም ወረዱ። የሳሏቸውን ግን ማንም አልጠየቀም፤ በፍቅር ነው ወይስ በፍርሃት? ለእምነት ነው ወይስ ለእንጀራ? ብዙዎቹ መልሱን ይዘውት ወደ መቃብር ወርደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ግድ ይላል። ስም አልባነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው በፈቃዱ የሚለብሰው ጭምብል ነው። በብዕር ስም የሚጽፍ ወገናችን፣ አገር ቤት ያለ ቤተሰቡ እንዳይነካበት ስሙን ይሰውራል። ይህ መብት ነው፤ ዛሬም የስዊድን የፕሬስ ሕግ ለጸሐፊና ለመረጃ ሰጪ ስም የመሰወር መብት ዋስትና ይሰጣል፤ ጋዜጠኛው ምንጩን አሳልፎ ቢሰጥ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ሁለተኛው ግን የተነፈገ ስም ነው። ሰውየው ስሙን አልደበቀም፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ። የመጀመሪያውን ልንጠብቅለት፣ ሁለተኛውን ልንመልስለት ይገባል። ሁለቱን ያምታታ ማኅበረሰብ የሚሰወረውን ያጋልጣል፤ ሊታወቅ የሚገባውን ይረሳል።

ይህ ደግሞ የመድረክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በስደት የምናካሂደውን ትግል ተመልከቱ። በስብሰባው መድረክ ላይ የሚቀመጡት ስማቸው በማስታወቂያው ይወጣል፤ ከተናጋሪዎቹ ጀርባ ሰንደቅ ዓላማውን የሰቀለችው፣ ወንበሩን የደረደረው፣ ድምፅ ማጉያውን ከቤቱ ይዞ የመጣው፣ ምግቡን ሌሊት አብስላ ያመጣችው እናት ግን «አስተባባሪዎች» ተብለው በአንድ ቃል ያልፋሉ። የንጉሥን ወንበር እያወገዝን፣ ሁሉም ነገር ከፊት ረድፍ ብቻ እንዲያምር አድርገን የምንስል ከሆነ፣ ከተቃወምነው ሥርዓት የተማርነውን ሥዕል ነው የምንደግመው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም፣ በየአረብ አገሩ ያላችሁ፤ በሀገር ፍቅር፣ በብሔራዊ ቴአትር፣ በማዘጋጃ ቤት ወይም በክፍለ ሀገር ኪነት ቡድን የሠራ አጎት፣ አባት፣ ጎረቤት አላችሁ። ዛሬ ከሥራ መልስ ደውሉለት። «ጋሼ፣ የዚያን ጊዜ ዲኮሩን ማን ነበር የሚሠራው? ሸራውን ከየት ታመጡ ነበር? ገመዱን ማን ይስብ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በሕይወት ያለ ከሆነና ስሙ እንዲጠራ ከፈቀደ፣ ጻፉት። በአልበም ውስጥ ያለችውን የደበዘዘች ፎቶግራፍ ስታዩ ከተዋናዮቹ ትከሻ በላይ ያለውን የተሳለ ተራራ ልብ በሉ፤ ምናልባት የዚያ ሠዓሊ ሥራ በምድር ላይ የቀረው እዚያች ፎቶ ጥግ ላይ ብቻ ይሆናል። አገር ቤት ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ፣ የቴአትር ቤቶቹን ዕቃ ግምጃ ቤቶች ሳይፈርሱና ሳይጸዱ እዩ፤ የተጠቀለለ ሸራ ብታገኙ ከመጣሉ በፊት ፎቶ አንሡት።

ለድሮትኒንግሆልም 130 ዓመት ያህል የጠበቀው አቧራ ነበር። ለእኛ አቧራው አይጠብቅልንም፤ ያለን የሽማግሌዎቹ ትዝታ ነው፣ እርሱም በየሣምንቱ በየቀብሩ እየጎደለ ነው።

ቸር ያሰማን።